ብሬከር ላይ ቀንሼ ከኋላ ተገጨሁ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

የቪትዟ መምህርት

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ፣ እናቴ ጫጫ ናት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስምንት ወር፣ ቪትዟን ከገዛሁ ደግሞ አራት ወሬ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዘንድ ስሄድ ከተማው መግቢያ ላይ ካለው ብሬከር ደረስኩ። ፍሬን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ጉብታው ላይ ልወጣ ስል አንድ አይሱዙ መጥቶ የኋላ ፓራውልቴን በላው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሹፌሩ ግን ወርዶ "አስፋልት መሐል ምን ያስቆምሻል?" ብሎ ጮኸብኝ። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ የእሱ ደጋፊ ሆነ። ረዳቱ ስለ ሴት ሹፌር የተናገረውን አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ።

ጥፋቱ የማን ነው? ደግሞስ ብሬከር የሚታለፈው እንዴት ነው? አስፋልቱ ላይ ያለውን እንደምንም አልፈዋለሁ። እናቴ ሰፈር ውስጥ ነዋሪው በድንጋይና በአፈር የሠራው ግን በሃያ ብሄድም የመኪናዬን ሆድ ይፍቀዋል። የሥራ ባልደረባዬ "አንዱን ጎማ በጠርዝ በኩል አሳልፊው" ይለኛል። ልክ ነው?

የአገር ቤት ልጅ

ጥፋቱ የገጨሽ ሰው ነው፣ ምን ያከራክራል? ከኋላ የሚነዳ ሰው የፊተኛው ድንገት ቢቆም እንኳ ሳይገጭ የሚቆምበት ርቀት መጠበቅ አለበት። ትራፊክ ጠርተሽ አስለክተሽ ከነበረ አትፍሪ። ግን እኔን ብትጠይቂኝ እነዚህ ብሬከሮች ራሳቸው መነሳት አለባቸው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እስክትደርሺ ስንቱን ትዘያለሽ! የመለዋወጫ ዋጋ እንደሆነ ሰማይ ነክቷል።

የደሴ መስመር

ልጄ፣ እንኳን እግዜር አተረፈሽ። እኔ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ፊደል ከተሳሳተ የእሱ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት በደሴ መስመር ነድቻለሁ። መጀመሪያ ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ ፊያት የጭነት መኪና፣ በኋላ አይሱዙ። የገጨሽ ልጅ ጥፋተኛ ነው፣ እሱን ተይው። አንቺ ግን ፍሬን እንደያዝሽ ጉብታው ላይ መውጣትሽን አልወደድኩትም። ፍሬን ሲያዝ መኪና አፍንጫውን ይደፋል፤ የፊት ሞላ ይጨመቃል። የተጨመቀ ሞላ ጉብታውን በምን ይዋጠው? ሆዷ የሚፈቀውም፣ ወገብሽ ድረስ የሚሰማሽም ከዚህ ነው።

ፍጥነቱን ከብሬከሩ በፊት ጨርሺው። ከሠላሳ አርባ ሜትር ላይ ነዳጅ መስጫውን ልቀቂ። ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርጊው፤ ማቆሚያሽ ብቻ አይደለም፣ መብራቱ ለኋላው ሰው "ልቀንስ ነው" የምትይበት አፍሽ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ። (ኦቶማቲክ ከሆነች ይሄ አይመለከትሽም፤ የዘንድሮ መኪና ማርሹን ራሱ ያውቃል አሉ።) የፊት ጎማ ጉብታውን ሊነካ ሲል እግርሽን ከፍሬን አንሺ፣ ተንከባላ ትውጣ። የኋላ ጎማ እስኪወርድም ነዳጅ አትስጪ። ብዙ ሹፌር የፊቱ እንደወረደለት ይረግጣል፤ የኋላ ወንበር ሰው አናቱ ጣሪያ የሚመታው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ በሃይሩፍ ተሳፍሬ ስመጣ ነፍሰ ጡር ሴት ከኋላ መደዳ ተቀምጣ በየብሬከሩ "ማርያም! ማርያም!" ስትል ሰምቼ ሹፌሩን አስቁሜ ቦታዬን ለቀቅኩላት። ጋቢና ነበርኩ።

ጉምን ደግሞ ልንገርሽ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ላይ ከዋሻው ስትወጪ የራስሽን ኮፈን የማታይበት ቀን አለ። በእንዲህ ያለው ቀን ምልክት ልፈልግ ብትይ አታገኚም። እኔ የምፈልገው ሰው ነበር። የባሕር ዛፍ አጥር፣ የጋሪ ፈረስ፣ የቆርቆሮ ቤት ጥግ ብቅ ካለ እግሬ ከነዳጅ ላይ ተነስቷል፤ ብሬከር ያለው ሰው ባለበት ነውና። ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ከላይ ጀምረሽ በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ውረጂ። ቁልቁለቱን ሙሉ በፍሬን የወረደ ሰው የፍሬን ሸራው ግሎ እየሸተተ ነው ከተማ የሚገባው፤ ብሬከሩ ጋ ሲደርስ የሚረግጠው ፍሬን የለውም።

ጫጫ አስፋልት ዳር

"ይነሳ" ላልከው ወንድሜ፦ ና እና አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ተቀመጥ። ሻይ በእኔ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ፣ ገበያ ሲሆን በግና አህያ ሲሻገር እይና ያኔ ይነሳ በል።

መምህርት፣ ባልደረባሽን አትስሚው። ጠርዙ ባዶ መሬት አይደለም። ጋሪ የሚቆመው፣ ሽማግሌ የሚሄደው፣ እኔ ቆሎ የምሸጠው እዚያው ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ፒካፕ ብሬከሩን ለማምለጥ በጠርዝ ሲያልፍ በርጩማዬንና አንድ ቁና ቆሎ ይዞ ሄደ። ዕድሌ ሆኖ ለዝርዝር ብር ጎረቤት ገብቼ ነበር። አልቆመም እንኳ።

ጋራዥ ውስጥ

መካኒክ ነኝ። ጠርዝ ላይ በአንድ ጎማ መውጣት ለመኪናውም አይበጅም፤ ክብደቱ በአንድ ወገን ሞላና ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት) ላይ ይወድቃል፣ መኪናው ይጣመማል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ይውጡ። ሰዎች ሾካብዞርበር አለቀ ብለው ሲመጡ በብዛት አንዱ ጎን ብቻ ነው ያለቀው፤ ስጠይቃቸው ይስቃሉ።

ስለ ሰፈሩ ጉብታ፦ ችግሩ ቁመቱ ብቻ አይደለም፣ አጭርነቱ ነው። እንግሊዞች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞክረው ያወጡት ክብ ጉብታ በመንገዱ አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ረጅም ስለሆነ መኪናው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የቸኮለውን ብቻ ይቀጣል። ነዋሪው የሚሠራው ግን አንድ ሜትር የማይሞላ የድንጋይ ክምር ነው፤ በእግር ፍጥነት የሚሄደውንም ያነሳዋል፣ ሌሊት ለባጃጅና ለሞተር ደግሞ ወጥመድ ነው። ያንን በሃያም አትለፊው፤ ቆም ልትዪ ምንም ሳይቀርሽ እለፊ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ቢያንስ ግራና ቀኙን በጠጠር ቢያስረዝመውና ዳርና ዳር ድንጋዮቹን ነጭ ቀለም ቢቀባ ትልቅ ነገር ነው።

የቪትዟ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ አፍሬያለሁ! ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በ60 የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 16.7 ሜትር ይሄዳል፤ ያ የአይሱዙ ሹፌር ስልኩን አንዴ ጎንበስ ብሎ ቢያይ እንኳ እኔ ላይ ደርሷል። ይህን እያወቅኩ ፍሬን ሲያዝ ሞላው እንደሚጨመቅ አንድም ቀን አላሰብኩትም። የሚቀጥለው ሳምንት ምሳሌዬ ብሬከር ነው።

ዛሬ እንደነገሩኝ ሞከርኩት። ነካ ነካ፣ ለቀቅ፣ መንከባለል። ከኋላዬ የነበረው አባዱላ ከሩቁ ቀነሰ፤ ክላክስ ግን አልቀረልኝም። የሰፈሩን ክምር ቆሜ ልወጣ ስል እናቴ በር ላይ ሆና "መኪናሽ ታመመች እንዴ?" አለችኝ።

የሱቁ ወንድሜ፣ ቁና ቆሎ ልገዛ እመጣለሁ። ለቪትዝ ነጭ የኋላ ፓራውልት ያገለገለ ያየ ካለ ደግሞ እዚሁ ይጻፍልኝ፤ አሁን በገመድ አስሬው ነው የምሄደው።

የደሴ መስመር

ገመዱን በላስቲክ ቀይሪው፣ አስፋልቱ በልቶ ይበጥሰዋል። የኋላ መብራትሽ ከፓራውልቱ ጋር አብሮ ተሰንጥቆ እንዳይሆን ማታ አንድ ሰው ከኋላ አቁመሽ ፍሬን ረግጠሽ አሳዪ።