የምወደው ልቦለድ ፊልም ሊሆን ነው፤ ምን ልጠብቅ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጣም የማከብረው ደራሲ ልቦለድ «የፊልም መብቱ ተሸጠ» ተብሏል። 600 ገጽ ነው፤ ተራኪው ራሱ ባለታሪኩ ስለሆነ ግማሹ የሰውየው ሐሳብ ነው። መቼ ይደርሳል? እስከዚያ መጽሐፉን ልድገመው ወይስ ይቅር?

ብዕረኛው፦ ቀን መቁጠር አትጀምር። «መብቱ ተሸጠ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተሸጠው ኦፕሽን ነው። ፕሮዲዩሰሩ አነስ ያለ ገንዘብ ከፍሎ፣ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወይም ለ18 ወር፣ ሌላ ሰው እንዳይገዛው ያስይዘዋል። በዚያ መሃል ስክሪፕት ያጽፋል፣ ገንዘብ ያፈላልጋል። ካልሞላለት ያራዝማል፤ አለዚያ መብቱ ወደ ደራሲው ይመለሳል። ብዙው እዚሁ ላይ ይቀራል። ዳይሬክተሩና ዋናው ተዋናይ ታውቀው የቀረጻ ቀን እስኪነገር ድረስ ዜናውን በልኩ ያዘው። የደራሲው ስም ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር መጻፉም አያዘናጋህ፤ የመጨረሻው ኤዲቲንግ በእጁ ነው ማለት አይደለም።

ካሜራው፦ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የስክሪፕት ገጽ በግርድፉ አንድ ደቂቃ ፊልም ነው። ሁለት ሰዓት ማለት 120 ገጽ፣ ያውም ባዶ ቦታው የበዛ። ስለዚህ መጀመሪያ የጎን ታሪኮች ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ገጸ ባሕርያት አንድ ሰው ይሆናሉ። ይሄ እምብዛም አይጎዳም። ከባዱ የባለታሪኩ ሐሳብ ነው። የፍራንክ ኸርበርትን ልቦለድ «ዱን»ን እዩት፦ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1984 መጽሐፉን በሙሉ 137 ደቂቃ ውስጥ አጨቀው፤ የተዋናዩ ፊት በቅርበት ይታያል፣ አፉ ዝግ ነው፣ ሐሳቡ በሹክሹክታ ይሰማል። ፊቱ ሊናገር የነበረውን ድምፁ ይቀድመዋል። ዴኒ ቪልነቭ ግን መጽሐፉን ለሁለት ከፍሎ (2021 እና 2024) ሹክሹክታውን በአብዛኛው ተወው። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ።

ጠያቂው፦ እሺ፣ መድገሙስ?

ቀለም፦ ፊልሙ ሊወጣ ሲል አትድገመው። ትኩስ ትኩሱን ይዘህ ከገባህ የቀረውን ስትቆጥር የተሠራው ያመልጥሃል። ከወራት በፊት አድርገው፣ ወይም ካየህ በኋላ። ይልቅ አሁን አንድ ምዕራፍ ምረጥና የማይታየውንና የማይሰማውን ሁሉ በእርሳስ ሰርዝ። «ናፈቀችው» ይሰረዛል፤ «ደብዳቤዋን አጥፎ ኪሱ ከተተው» ይቀራል። ከገጹ ሩቡ እንኳ ካልተረፈ፣ ስክሪፕት ጸሐፊው ምዕራፉን ወይ ይዘለዋል ወይ አዲስ ድርጊት ይፈጥርለታል። እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲመጣ «መጽሐፉ ላይ የለም!» ብለህ ከመቆጣትህ በፊት የትኛውን የተሰረዘ መስመር ሊተካ እንደገባ ፈልግ።

ብዕረኛው፦ አንድ ልጨምር፦ ትሬይለሩ ላይ የተራኪው ድምፅ በዝቶ ብትሰማ በዚያ አትፍረድ። ለማስታወቂያው ብቻ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።