አሮጌ ኮምፒውተር ላላችሁ፦ የትኛው የበጎ ፈቃድ ስሌት ይሻላል?

መሥሪያ ቤት የጣላቸውን ኮምፒውተሮች ሰብስባችሁ ለሳይንስ ማዋል የምትፈልጉ፣ ቦይንክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ፕሮጀክት ትመርጣላችሁ፤ ማሽኑ ስሌት ያወርዳል፣ ይሠራል፣ ውጤቱን ይልካል። በቃ። ማይኒንግ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) አይደለም፣ ብር አያመጣም። "ክፈሉና ተመዝገቡ" የሚላችሁ ካለ ሌባ ነው።

ሁሉንም ግን አትሰኩ። ፕሮሰሰሩ የድሮው ፔንቲየም 4 ከሆነ ይቅርባችሁ፤ መብራት ይበላል እንጂ ሥራው እዚህ ግባ አይባልም። 100 ዋት የሚስብ አንድ ማሽን ሌት ተቀን ከሠራ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የኛ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይወደዳል። ስለዚህ ካሏችሁ መሃል ፕሮሰሰራቸው ኮር አይ 5 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑትን አንድ ሁለት ምረጡና የሌሎቹን ራም ነቅላችሁ እነሱ ላይ ጨምሩ። ዲዲአር2 ራም ዲዲአር3 ቦርድ ላይ አይገባም፤ እያያችሁ።

ወደ ፕሮጀክቶቹ። ከሌላ ዓለም የሚመጣ ምልክት ይፈልግ የነበረውን የሴቲ አት ሆምን ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አሁንም የሚጠይቅ አለ። ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ማከፋፈል አቁሟል፣ እርሱት። ፎልዲንግ አት ሆም የፕሮቲን ጥናት ነው፣ በቦይንክ ሳይሆን በራሱ ፕሮግራም ይሠራል፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው እንጂ ለአሮጌ ማሽን አልመክረውም። ውጤቱን የመመለሻ ቀነ ገደቡም አጭር ነው። ሮዜታም የፕሮቲን ጥናት ነው፤ ራም ይወዳል። ክላይሜትፕሪዲክሽን የአየር ንብረት ሞዴል ስለሆነ ደስ ይላል፤ አንዱ ሥራ ግን በአሮጌ ማሽን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

የኔ ምርጫ አይንስታይን አት ሆም ነው። ከ2005 ጀምሮ ከስበት ሞገድና ከሬዲዮ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ ፑልሳር የሚባሉ ኮከቦችን ያስሳል። በ2010 ይፋ የሆነውን የፕሮጀክቱን የመጀመሪያ የሬዲዮ ፑልሳር ያገኙት አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት እና አንድ ጀርመናዊ በበጎ ፈቃድ ያበረከቷቸው ኮምፒውተሮች ናቸው። ለእኛ የሚመቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ ቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ አትደናገጡም። ስሌቱም በየመሃሉ ሴቭ ስለሚደረግ ከዜሮ አይጀምርም።

ኢንተርኔት ብዙ አይፈልግም። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ የሁለት ሦስት ቀን ሥራ አስቀድሞ እንዲያወርድ አድርጉት፤ የኔትወርክ ሰዓቱንም ለሌሊት ብቻ ወስኑት፣ የማታ ጥቅል ለሚገዛ ይረክሳል። ዊንዶውስ ከከበደው ሉቡንቱ የሚባለውን ቀለል ያለ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫኑለት።

ከመጀመራችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ አቧራውን በብሎወር አስነፉት። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ከሆነ አስቀይሩ። ካልሆነ ግን ሙሉ ቀን በሙሉ አቅም ሲሠራ እየጋለ ራሱን ያጠፋል። ያም ሆኖ ከጋለ የፕሮሰሰር አጠቃቀሙን ወደ 50 በመቶ አውርዱት።

ኮምፒውተር የሌላችሁ ደግሞ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ላይ ቦይንክን መሞከር ትችላላችሁ፤ ካልቀየራችሁት ቻርጀር ላይ ሲሰካ ብቻ ይሠራል፣ ሥራ የሚያወርደውና ውጤት የሚልከውም በዋይፋይ ብቻ ነው። ባትሪው ያበጠ ስልክ ከሆነ ግን አትንኩት።