አሜሪካ ቁጭ ብዬ አዲስ አበባ ላይ ባልትና መክፈት እችላለሁ?

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ሰኔ 6 ቀን 2012

ሰላም ለዚህ ቤት። ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ኮሮና ከገባ ወዲህ ሥራ የለም፤ መቼ እንደሚጠሩንም የሚያውቅ የለም። ታናሽ እህቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ትኖራለች። የግል መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷም ቤት ዋለች። እጇ ግን ይባረክ፣ ሽሮዋ ቁርጥ የእናታችን ነው።

አሁን ሰው ፈርቶ ገበያ መውጣት ቀንሷል። በቴሌግራም ትዕዛዝ ተቀብለን ቤት ድረስ እናድርስ ብለን አሰብን። እሷ ታዘጋጃለች፣ እኔ ትዕዛዙንና ሒሳቡን ከዚህ እይዛለሁ። ያለኝ 1,500 ዶላር ነው። መጥቼ ማየት አልችልም። ውክልና መላክ አለብኝ? ከሽሮ ወይስ ከበርበሬ ብንጀምር ይሻላል?

እማማ ባልትና (መርካቶ)

የኔ ልጅ፣ ወሩን አይተሽዋል? ክረምት ሊገባ ነው እኮ! በርበሬ ታጥቦ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ መልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የሐምሌ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ሳይደርቅ የተፈጨ በርበሬ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። አንዷ ደንበኛ ሻጋታ ካየች ስማችሁ አለቀ። በርበሬውን ለበጋ ተዪው።

ሽሮ ጀምሩ። አተሩን የሚያደርቀው ምጣድ ነው። ፍልሰታም ነሐሴ 1 ይገባል፣ ሽሮ ያኔ ነው የሚፈለገው። ወፍጮ ቤት ደግሞ በማለዳ ትሂድ። ሰው በርበሬ ካስፈጨ በኋላ ሽሮዋን ካስገባች ለሕፃን የማይሆን ነገር ነው የሚወጣላት። እኔ አንዴ 20 ኪሎ እንዲሁ አበላሽቼ ለዘመድ አከፋፍያለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው

ውክልና ለምን? ፈቃዱ በእህትሽ ስም ይውጣ። ውክልና ከላክሽ ኤምባሲው ያረጋግጣል፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ለሽሮ ይህን ሁሉ አትልፊ። እሷ ግን ለቲን (ለግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አሻራ ስለምትሰጥ በአካል መሄዷ አይቀርም።

ዋናው ራስ ምታት አድራሻው ነው። ተከራይ ከሆነች የኪራይ ውል ትጠየቃለች። ብዙ አከራይ ደግሞ የኪራይ ግብር ፈርቶ ውል ማስመዝገብ አይወድም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አከራይዋን ታናግር። ምግብ ስለሆነ ስለ ብቃት ማረጋገጫም ወረዳ ላይ ትጠይቅ።

ፈቃዱን ለማውጣትም አትቸኩሉ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። አሁን አውጥታችሁ በሐምሌ ለሁለት ሳምንት ሥራ ግብር ከምታሳውቁ፣ ሐምሌ 1ን ጠብቁ። እስከዚያ ጎረቤት ይቅመስ። በዘንድሮው የ2012 ሕግ የዓመት ሽያጫችሁ 500 ሺህ ብር እስካልደረሰ ደረጃ ሐ፣ ማለትም ትንሹ ግብር ከፋይ ናችሁ።

ከዱባይ

እህቴ፣ እኔና ወንድሜ በዚሁ መንገድ ሱቅ ከፍተን ተጣልተናል። ሌባ ሆኖ አይደለም። ደሞዝ አልቆረጥንለትም፣ ከመሳቢያው እያነሳ በላ። ምን ይብላ ታዲያ? የእሷን ደሞዝ ከአሁኑ ተነጋገሩና ጻፉት።

ጠያቂዋ

ውይ፣ ይሄን ጭራሽ አላሰብኩትም። ማድረሱስ? ሞተር ልግዛላት?

ባለሞተሩ (ለቡ)

አትግዢ! አዲስ አበባ ውስጥ ከአምና ጀምሮ ሞተር ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ፈቃድ ያለው አድራሽ ፈልጋችሁ በጉዞ ተዋዋሉ። በታክሲ ላድርስ ካለችም አያዋጣትም፤ በኮሮና ምክንያት ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ ሒሳቡ እጥፍ ሆኗል። መጀመሪያ ጀሞና ለቡ ብቻ፣ ያውም በሳምንት ሁለት ቀን።

ሌላ ደግሞ፣ «ብር ልኬያለሁ» የሚል ስክሪንሾት አትመኑ። ቁጥር ቀይሮ የሚልክ ሞልቷል። እህትሽ የባንክ ሒሳቧን ራሷ አይታ ነው ዕቃውን መልቀቅ ያለባት።

ጠያቂዋ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2012

ተመለስኩ። ለጎረቤት ማስቀመስ እንደጀመርን ሰኔ 23 ኢንተርኔቱ ተዘጋ። ወደ ሦስት ሳምንት ነው የቆየው። አስቡት፣ 11 ትዕዛዝ እኔ ስልክ ላይ፣ ሽሮው ጀሞ! የደንበኛው ስልክ ቁጥር እንኳ እሷ ጋ የለም።

በስልክ ደወልኩላትና ስም፣ ቁጥር፣ ኪሎ፣ የብሎክ ቁጥር አንድ በአንድ ነገርኳት። ከትምህርት ቤቱ የተረፈ ባለመስመር ደብተር ላይ ጻፈችው። ከዚያ ራሷ ለየሰው ደወለች። ሁለቱ አላነሱም፣ ዘጠኙ ወሰዱ። የሚገርመው ደውላ ስታናግራቸው አራቱ ጨመሩ፤ በቴሌግራም ግማሽ ኪሎ ያዘዘችው ሴትዮ ሦስት ኪሎ ለእናቴም አለች። አሁን ኢንተርኔቱ ተመልሷል፣ ደብተሩ ግን አልቀረም። እኔ ነኝ ማታ ማታ ከደብተሩ ፎቶ የምገለብጠው።

አከራይዋ መጀመሪያ እምቢ አሉ። በወር 500 ብር ስንጨምር ውሉን ፈረሙ፤ ቲኑም ወጥቷል። ደሞዟን ጽፈናል። ለፍልሰታ እስካሁን 60 ኪሎ ታዟል።

እማማ፣ አንድ ነገር። አተር ተወደደብን። ባቄላ ብንቀላቅልበት ይታወቅብናል?

እማማ ባልትና

ይታወቃል እንጂ! ባላሙያ ሴት ገና ድስቱ ሲንተከተክ ታውቀዋለች። ከሩብ አታሳልፉ፣ ፌስታሉ ላይም «ባቄላ አለበት» ብላችሁ ጻፉ፤ ዋጋውንም ቀንሱ። ንጹሕ አተር የምትፈልገዋ ለብቻው ትዘዝ። ደግሞ እህትሽ ባቄላውን ልጣጩ እስኪለቅ ትቁላው፣ አለዚያ ይመርባችኋል።