ታወር በሌለው ሜዳ አውሮፕላን ፊት ለፊት መጣብኝ፤ ምን ጎደለኝ?

ሶሎ ተማሪ (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ወገኖች። ማታ ማታ ሆስፒታል እሠራለሁ፤ የማጠራቅማትን ብር በረራ ትምህርት ላይ አውላታለሁ። እስካሁን 41 ሰዓት በርሬያለሁ። የምማርበት የአውሮፕላን ሜዳ ታወር (የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ) የለውም። ሁላችንም በአንድ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የት እንዳለን እየተናገርን እንነሳለን፣ እናርፋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ነበርኩ። ነፋስ የሚባል የለም። ልነሳ መሆኔን በሬዲዮ ተናገርኩ፤ የመለሰ የለም። ማኮብኮቢያው ላይ ገብቼ መንደርደር ስጀምር ከወዲያኛው ጫፍ የማረፊያ መብራት አየሁ። ወደ እኔ እየወረደ ነው! ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ዘግቼ ፍሬን ያዝኩ፣ በቅርቡ መውጫ ወጣሁ። እሱም ከፍ ብሎ አለፈ። ኋላ አርፎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሬዲዮው ከተነሳበት ሜዳ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሳይቀየር ቀርቶ ነበር። እጄ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። የተማርኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ታዲያ ምን ጎደለኝ?

ነባር አብራሪ፦
እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ እህቴ። ስሮትሉን ወዲያው መዝጋትሽ ነው ያዳነሽ። ግን ሬዲዮው ዝም ሲል ማንም የለም ብለሽ ገባሽ። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ወደ 5,000 ከሚጠጉ አየር ማረፊያዎች ታወር ያላቸው 500 አካባቢ ናቸው። በቀሩት ብዙዎቹ ላይ ያለ ሬዲዮ መብረር ራሱ አልተከለከለም።

መልስ ሲመጣም እንዳትዘናጊ። ለተማሪዎቼ ሁሉ የማነሳው የኩዊንሲን አደጋ ነው። ኢሊኖይ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996፣ አመሻሽ ላይ ነው። 12 ሰው የያዘ ቢችክራፍት 1900 የሚባል የመንገደኞች አውሮፕላን በማኮብኮቢያ ቁጥር 13 ሊያርፍ እየመጣ ነው። በሚያቋርጠው ማኮብኮቢያ 04 ላይ ደግሞ ኪንግ ኤር የሚባል ሌላ አውሮፕላን ሊነሳ ቆሟል። የቢችክራፍቱ አብራሪዎች «04 ላይ ያላችሁት፣ ትጠብቃላችሁ ወይስ ትነሳላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ኪንግ ኤሩ ዝም አለ። የመለሰው ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ቼሮኪ የሚባል ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ቃሉን ሳይጨርስ የቢችክራፍቱ የራሱ የከፍታ ማስጠንቀቂያ ጮኸና መሀሉን ዋጠው። ከተሰማው ውስጥ «እየጠበቅኩ ነው» እና «ኪንግ ኤር» የሚሉት ነበሩበት። ኪንግ ኤሩ ይጠብቀናል ብለው አረፉ። መገናኛው ላይ ተጋጩ፤ 14 ሰው አለቀ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ግን በሩ ነው። ግጭቱ ራሱ የሚያተርፍ ነበር፤ በሩ አልከፈት ብሎ እሳት ደረሰባቸው። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት ያገኙት ኪንግ ኤሩ ላይ ነው፦ ሬዲዮውን በቅጡ አልተከታተሉም፣ ዙሪያቸውንም አላዩም።

ስለዚህ ከማኮብኮቢያው በፊት ያለው መስመር ጋ ስትደርሺ ቀጥ ብለሽ አትቁሚ። የሴስና አውሮፕላን ክንፍ ከላይ ስለሆነ ሰማዩን ይጋርድብሻል። ቦታ ካለ ሙሉ ዙር ዙሪ፤ ከሌለ አፍንጫውን ወደሚመጣበት አቅጣጫ አጋድዪው። ሁለቱንም ጫፍ እዪ። ሌላ ጊዜ ሁሉም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ በአንድ አቅጣጫ ያርፋል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ግን ደስ ባለው በኩል ነው የሚያርፈው። አንዴ ከገባሽ ቆመሽ አትጠብቂ፣ ሂጂ። የሜዳውን ስም ንግግርሽ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ጥሪ፤ ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ጎረቤት ሜዳዎችም ይጠቀሙበታል።

ሜሪላንድ፦
እኔ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ታብሌት ላይ አያቸዋለሁ። ያ አይበቃም?

ነባር አብራሪ፦
ይረዳል ወንድሜ፣ እኔም አለኝ። ግን ምልክት የማይልኩ አሮጌ አውሮፕላኖች አይታዩበትም። ፋይናል ላይ (ለማረፍ ቀጥ ብለህ በምትወርድበት መጨረሻ) ደግሞ ዓይንህ ጭንህ ላይ መሆን የለበትም።

ሶሎ ተማሪ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ይቆዩልን። ዛሬ ጠዋት እንዳሉኝ ዞርኩ። ፓይፐር ከብ የሚባል አንድ ቢጫ ትንሽ አውሮፕላን በሬዲዮ ምንም ሳይናገር ሲያርፍ አየሁ! አንድ ልጨምር፦ ከሩቅ ቀጥታ የሚመጣ ፈጣን አውሮፕላን ካለስ?

ነባር አብራሪ፦
እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ካሊፎርኒያ፣ ዋትሰንቪል ላይ የሆነው እሱ ነው። ትንሹ ሴስና 152 ፓተርን ውስጥ (ለማረፍ ሜዳውን በሚዞሩበት መስመር ላይ) ነበር፣ ፈጣኑ ሴስና 340 በቀጥታ መጣ፤ ተጋጩ። ሁለቱም በሬዲዮ ይናገሩ ነበር፤ ሦስት ሰው ሞተ። 340ው ወደ 180 ኖት (በሰዓት 180 የባሕር ማይል) ይበር ነበር። በዚያ ፍጥነት ሦስት ማይል አንድ ደቂቃ ነው። ላንቺ በ60 ኖት ሦስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ስንት ማይል» ሳይሆን «ስንት ደቂቃ ቀረህ» ብለሽ ጠይቂ። ከተጠራጠርሽ ዳውንዊንዱን (ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን ከማረፊያው በተቃራኒ የምትበሪበትን የዙሩን ክፍል) አርዝመሽ አሳልፊው። የሁለት ደቂቃ ነዳጅ ነው የሚያስከፍልሽ።