የአሥራ አምስት ዓመት ልጄን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ላውጣት ወይስ ትቆይ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቦስተን አካባቢ

ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነች። እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ትምህርቷን የምትወድ ልጅ ነበረች፤ አሁን ግን እሑድ ማታ በመጣ ቁጥር ሆዷን ያማታል፣ ሐኪሟም መርምሮ ምንም አላገኘባትም። ሰነፍ እንዳልላት ቤት ውስጥ የምትሠራውን አያለሁ። አያቷ ከጎንደር የላኩላትን የሐበሻ ቀሚስ ስፌቱን ፈትታ አሠራሩን ካጠናች በኋላ ለራሷ ሌላ ሰፍታለች፤ ጥለቱ ዙሪያውን ሳይዛነፍ እንዲገጥም ስታሰላ አንድ ሙሉ ወረቀት በክፍልፋይ ሞልታ አየሁ፣ በዚያው ሳምንት ግን የሒሳብ ፈተናዋን ወድቃ ነበር።

በቅርቡ ተማሪው ራሱ የሚማረውን ስለሚመርጥባቸው ቦታዎች ማንበብ ጀምሬአለሁ። ለእኛ የሚቀርበን ፍራሚንግሃም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተው ሰድበሪ ቫሊ ሲሆን፣ በዚያ የግዴታ ክፍለ ጊዜ የለም፤ የትምህርት ቤቱን ደንብ ተማሪውም ሠራተኛውም እኩል አንድ አንድ ድምፅ ባለው ጉባኤ ይወስናሉ። ባለቤቴ «አገራችንን ጥለን የመጣነው ልጆቻችን እንዲማሩ እንጂ እንደፈለጉ እንዲውሉ አይደለም» ይላል፤ ስጋቱ የእኔም ስጋት ነው። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ልጅ ኮሌጅ ለመግባት ምን ማስረጃ ይይዛል? ቀኑን ሙሉስ ማን ይከታተለዋል? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፦ የዉስተር አባት

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላሳስብዎ። ልጅዎን በሌላ ትምህርት ቤት ሳያስመዘግቡ ወይም ፈቃድ ሳይዙ ዝም ብለው እንዳያስቀሯት። በማሳቹሴትስ ልጅ እስከ 16 ዓመቱ የመማር ግዴታ ስላለበት፣ ያለ ፈቃድ የቀረ ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሊደርስ ይችላል። እንደ ሰድበሪ ቫሊ ወዳለ የግል ትምህርት ቤት ካስገቧት ምዝገባው በቂ ነው። በሆምስኩል መንገድ ከሄዱ፣ ማለትም ቤት ውስጥ ራስዎ የሚያስተምሯት ከሆነ ግን የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ልጅቷን ከማስወጣትዎ በፊት የትምህርት ዕቅድ የአካባቢዎን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት (ለስኩል ዲስትሪክቱ) አቅርበው ማስጸደቅ አለብዎት። ዲስትሪክቱ የሚያየው የትምህርት ዓይነቶቹን፣ ሰዓቱን፣ መጻሕፍቱንና እድገቷ በምን እንደሚለካ ነው፤ መለኪያውም ፈተና ብቻ ሳይሆን የሥራዎቿ ስብስብ ሊሆን ይችላል።

በምዕራብ ማሳቹሴትስ ሰንደርላንድ የሚገኘው ኖርዝ ስታር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጡ ሁለት መምህራን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት ማዕከል ሲሆን፣ በሕግ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ውጤትም ዲፕሎማም አይሰጥም። ቤተሰቡ በሆምስኩል ይመዘገባል፣ ወጣቱ ደግሞ ወደ ማዕከሉ እየሄደ በፈለገው ክፍል ይገባል፣ ከአማካሪውም ጋር በቋሚነት ይገናኛል። ከቦስተን የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ስለሆነ ለእርስዎ በየቀኑ የሚመች አይመስለኝም፤ አሠራሩን ማወቁ ግን ይጠቅማል።

የኛ ልጅ በሆምስኩል ነው ያለፈው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ፤ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፣ ከዚያ ስልኩን ያያል። ዓመታት ሙሉ ደወል ሲያነሣውና ሲያስቀምጠው የኖረ ልጅ የራሱን ፍላጎት ለመስማት ጊዜ ይወስድበታል፤ ስለዚህ ይታገሡ። በኋላ በአቅራቢያችን ካለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ አንድ ኮርስ ወሰደ፤ ያ ውጤት እኛ ካዘጋጀንለት ትራንስክሪፕት (የተማራቸው ትምህርቶች ዝርዝር) ጋር ሲቀርብ ለቀጣዩ ኮሌጅ ማመልከቻ ዋና ማስረጃ ሆነለት። የግዛቱን የሆምስኩል ሕግ ተከትሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ የፌዴራል የኮሌጅ ድጋፍ ማግኘት እንደሚችልም ይወቁ።

መልስ 2፦ መምህርት፣ ሮድ አይላንድ

ወንድሜ ስለ ሕጉ የጻፉት ትክክል ነው። «ይታገሡ» ባሉት ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከሐኪምና ከጠበቃ ቤት የተወለደ ልጅ ነፃ ጊዜ ሲሰጠው በእራት ሰዓት እንኳ የሙያ ሰዎችን ያገኛል፤ የአባቱ ወዳጅ ቢሮውን ያሳየዋል፣ የእናቱ ባልደረባ መጽሐፍ ታውሰዋለች። ወላጆቹ በተለያየ ተረኛ የሚሠሩ የስደተኛ ልጅ ግን ነፃነቱን ብቻ ተቀብሎ ባዶ ቤት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ልጁን ማመን ጥሩ ነው፤ በር የሚከፍትለት ትልቅ ሰው ግን መገኘት አለበት።

ፕሮቪደንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ሜት የተባለው ትምህርት ቤት ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ስለሚማርከኝ ላንሣው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ ክፍያ የለውም። አንድ አማካሪ መምህር አሥራ አምስት ያህል ተማሪዎችን ይዞ አራቱን ዓመት አብሯቸው ይዘልቃል፣ ቤተሰባቸውንም ያውቃል። ተማሪዎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ከመረጡት ሙያ ባለቤት ዘንድ ሄደው ይሠራሉ፤ የተማሩትንም በየጊዜው በወላጅ፣ በአማካሪና በሙያው ሰው ፊት ቆመው ያስረዳሉ፣ ይጠየቃሉም። እዚያ ለመግባት የሮድ አይላንድ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አንዲት ልብስ ሰፊ ወይም የቲያትር ልብስ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ልጅዎን በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንድትቀበላት መጠየቅ የትም ይቻላል።

ሌላው፣ የሆድ ሕመሙን በቸልታ አይለፉት። ወረቀት ሙሉ ክፍልፋይ በትክክል የምትሠራ ልጅ ፈተና ላይ የምትወድቅበት ምክንያት የንባብ ችግር፣ ጭንቀት ወይም ክፍል ውስጥ የሚደርስባት ነገር ሊሆን ይችላል። የመማር ችግር እንዳለባት የሚለይ ግምገማ እንዲደረግላት ትምህርት ቤቷን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ በማሳቹሴትስ ፈቃድዎን ፈርመው ከመለሱ በኋላ የግምገማው ምርመራ በ30 የትምህርት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቦታ ብትቀይር ችግሩ ተከትሏት ይሄዳል።

መልስ 3፦ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ አዲስ አበባ

የልጅቱ አባት የተናገሩትን ሳነብ ትዝ ያለኝ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። እኛ ቅኔ ቤት ስንማር የክፍል ደረጃ የሚባል ነገር አልነበረም። ተማሪው ዝናቸውን የሰማላቸውን መምህር ፈልጎ አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ ከሁለቱ ስንኝ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በችሎታው መጠን ወደ ዘአምላኪየ፣ ኋላም እስከ መወድስ ይወጣል። አንዱ በጥቂት ወራት የሚያልፈውን ሌላው ዓመት ይቆይበታል፣ በዚህም የሚያፍር የለም። የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስጠናዋል። ቀን ቀን ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ሲያዘጋጅ፣ የሚጠብቀው ሰው የለም።

ሆኖም ጊዜው ሲደርስ የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ያልሠራ እዚያ ይታወቅበታል፤ የተሳሳተውም ይታረማል። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ረሃብና መከራ የበዛበት ስለነበር ለማንም ልጅ አልመኘውም፤ ተማሪው በራሱ ፍጥነት መሄዱና ለአንድ አዋቂ ሰው መልስ መስጠቱ አብረው እንደሚሄዱ ግን ከዚያ ተምሬአለሁ። ስለዚህ አባቷ ወደ የትኛውም ቦታ ሄደው ሲጎበኙ «ልጄ የሠራችውን ማን ያይላታል? በስንት ጊዜ? ሲበላሽስ ማን ይነግራታል?» ብለው ይጠይቁ። ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኙ ስጋታቸው በቂ ምክንያት አለው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ከባለቤቴ ጋር አብረን አነበብን። የግምገማውን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት እናስገባለን፤ እስከዚያው ድረስ እዚያው ትምህርት ቤቷ ትቆያለች። የልብስ ስፌት ባለሙያም መፈለግ ጀምረናል፣ ልጄ ራሷ ሁለት ሱቆችን ጠቁማናለች። የዉስተሩ ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሒሳቡን በዕቅዱ ላይ እንዴት ጻፉት? ስፌቱን እንደ ሒሳብ ትምህርት ይቀበሉናል?

መልስ 1፦ የዉስተር አባት

ስፌቱን ብቻ ቢጽፉ መልሰው ይጠይቁዎታል። እኛ መጀመሪያ የሚማርበትን የአልጀብራ መጽሐፍና ምዕራፎቹን ጻፍን፣ ከሥሩ ደግሞ ልጁ በእጁ የሚሠራቸውን ነገሮች እንደ ተግባራዊ ልምምድ አስገባን፣ በዓመቱ መጨረሻም የሥራ ናሙና እንደምናቀርብ ገለጽን። ያንን የጥለት ስሌት የሞላችበትን ወረቀት ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡት፤ ጥሩ ናሙና ይሆንዎታል።