«ቮልቱን ቀይር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የኤሌክትሪክ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። አንድ ቦታ ላይ «20 ኪሎቮልትን ወደ ቮልት ቀይር» ይላል (ቮልት የቮልቴጅ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው)። ወረድ ብሎ ደግሞ «ትራንስፎርመሩ 20 ኪሎቮልቱን ወደ 400 ኪሎቮልት ይቀይረዋል» የሚል አለ። ግሱ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ሌላ ግስ የለንም ወይ? «መመንዘር» ቢባል ያስኬዳል? እግረ መንገዴን፣ «ሚሊ»ን ከ«ሚሊዮን» ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ምንጫቸው አንድ ነው ወይስ እንዲያው በአጋጣሚ ተመሳስለው ነው?

መልስ፦

ትክክለኛውን ቦታ ነው የነኩት። «ቀየረ» ሁለቱንም ሲሸከም ጀማሪው ይደናገራል።

ትራንስፎርመሩ የሚሠራውን እንይ። 20 ኪሎቮልት ገብቶ 400 ኪሎቮልት ሲወጣ ቮልቴጁ ራሱ ሌላ ሆኗል። የሚጓጓዘው ኃይል ያው ከሆነ፣ ቮልቴጁ 20 እጥፍ ሲያድግ ከረንቱ (በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት) 20 እጥፍ ይቀንሳል። ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ 400 እጥፍ ይቀንሳል፤ ብክነቱ የሚሄደው በከረንቱ ካሬ ነውና። ኃይል ሩቅ ሲላክ ቮልቴጁ ከፍ የሚደረገው ለዚህ ነው። በሽቦው ላይ እውነተኛ ለውጥ ተካሂዷል።

«20 ኪሎቮልትን ወደ ቮልት ቀይር» ስንል ግን ሽቦው ላይ የተነካ ነገር የለም። መልሱ 20,000 ቮልት ነው፤ ያው ቮልቴጅ። አጠራሩ ብቻ ነው የተለወጠው።

እኔ ከ«መመንዘር»ም በላይ «መዘርዘር» ይመቸኛል። ድፍን ኖት ሲዘረዘር እጅ ላይ ያለው ቁራጭ ይበዛል፤ ገንዘቡ ግን ያው ነው። ቮልት ወደ ሚሊቮልት ሲሄድም እንደዚያ ነው፤ አንዱ ቮልት 1,000 ሚሊቮልት ይሆናል። ጀማሪዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። «ወደ ትንሹ መለኪያ ሂድ» ሲባሉ ቁጥሩንም ያሳንሱታል። መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል፤ «ዘርዝር» የሚለው ቃል ይህን ሳይነገራቸው ያሳያቸዋል። የመልሱን መንገድ «ማጠቃለል» ብንለው ደግሞ ቁጥሩ ማነስ እንዳለበት ጆሮ ራሱ ይሰማዋል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ልውሰድ። የምድጃ ሙቀት የሚለካበት ቴርሞካፕል የሚባል ነገር አለ። ሁለት ዓይነት ብረት ጫፍ ለጫፍ ተበይዶ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሙቀት ልዩነት ሲኖር ትንሽ ቮልቴጅ ይሰጣል። «ኬ» የሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 41 ማይክሮቮልት (የቮልት ሚሊዮንኛ) ይሰጣል። የሙቀት ልዩነቱ 100 ዲግሪ ቢሆን 4,100 ማይክሮቮልት ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ወደ ሚሊቮልት እናጠቃልለው፦ ነጥቡን ሦስት ቤት ወደ ግራ፣ 4.1 ሚሊቮልት። አንድ ደረጃ ከፍ እንበል፦ ሌላ ሦስት ቤት ወደ ግራ፣ 0.0041 ቮልት። ሦስቱም አንድ ናቸው። መሣሪያው ፊት የቆመ ሰው ግን «አራት ነጥብ አንድ ሚሊቮልት» ይላል፤ ዜሮ ሲቆጥር መዋል የሚፈልግ የለም።

ኪሎና ሜጋም በዚያው ሕግ ይሄዳሉ። 1,000 ቮልት አንድ ኪሎቮልት፣ 1,000 ኪሎቮልት አንድ ሜጋቮልት። እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

ሌላ አባል፦

በ«መዘርዘር» እስማማለሁ፤ «መመንዘር» ግን ባይገባ እመርጣለሁ። «ምንዛሪ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የአንዱን አገር ገንዘብ በሌላው መለወጥን ነው። ያ ደግሞ ዛሬ አንድ ዋጋ፣ ነገ ሌላ ዋጋ ነው። በቮልትና በሚሊቮልት መካከል ያለው 1,000 ግን ፈቀቅ አይልም።

ቮልት ራሱ እንኳ ፈቀቅ ብሎ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት እንደ አዲስ ሲበየን፣ ከ1990 ጀምሮ ላቦራቶሪዎች ይሠሩበት የነበረው ቮልት ከአዲሱ ጋር ከ10 ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ልዩነት አሳይቷል። 10 ቮልት ላይ ብታዩት ወደ 1 ማይክሮቮልት ነው። ለቤት መብራት ምንም አይደለም፤ ረቂቅ ልኬት ለሚሠሩ ግን መዝገብ የሚያስተካክል ጉዳይ ነበር። ያኔም ቢሆን አንድ ቮልት 1,000 ሚሊቮልት መሆኑ አልተነካም። ስለዚህ የገበያ ሽታ ያለውን ቃል ባናመጣበት ይሻላል።

ሌላ አባል፦

ስለ «ሚሊ» ልመልስ። መመሳሰሉ አጋጣሚ አይደለም፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም የመጡት «ሚሌ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሺህ ነው። ጣሊያኖች በዚያ ላይ የማግዘፊያ ቅጥያ ጨመሩና «ሚሊዮን» ወጣ፤ እንደ «ትልቁ ሺህ» ማለት ነው። የሜትሪክ መለኪያ ሥርዓት ሰዎች ደግሞ ያንኑ ቃል ወስደው ለአንድ ሺኛ ሰጡት። በእነሱ አሠራር ከላቲን የመጣው ለመከፋፈል፣ ከግሪክ የመጣው ለማብዛት ነበር። ለዚህ ነው «ሚሊ» እና «ኪሎ» ሁለቱም በየቋንቋቸው ሺህ ማለት ሆነው፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ የሄዱት። «ማይክሮ» እና «ሜጋ» ግን ቁጥር አልነበሩም። በግሪክኛ ትንሽና ትልቅ ማለት ብቻ ናቸው፤ ሚሊዮንኛና ሚሊዮን የሆኑት በስምምነት ነው።

እንግዲህ «ሚሊቮልት» ሲባል የሚሊዮን ቮልት የሚመስለው ሰው ጨርሶ አልባዘነም። የቃሉን ዘር ሰምቷል፤ አቅጣጫውን ነው የሳተው። ስታርሙት «ሚሊ ሲባል ሺኛ በል» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጻፉለት፤ ይበቃዋል።

ጠያቂው፦

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሁሉም በሺህ በሺህ ነው የሚዘለው። እኛ ጋ «እልፍ» የሚባል ጥሩ ቃል ሳለ፣ ለ10,000 ቅድመ ቅጥያ የለም ማለት ነው?

መልስ፦

ነበረ! እ.ኤ.አ. በ1795 ፈረንሳዮች የሜትሪክ ሥርዓቱን ሲያወጡ «ሚሪያ» የሚል ነበራቸው፤ ከግሪክ የመጣ፣ ልክ እንደ እልፍ 10,000 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የአሁኑ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ሲጸድቅ ሳይገባ ቀረ።

ጥያቄዎ ግን ሌላም ነገር ያስነሳል። የግዕዝ ቁጥር የሚራመደው በመቶ ነው። ፻ አለ፤ መቶ ጊዜ መቶ ሲሆን ፼ ይመጣል። ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ፲፻ ተብሎ «ዐሥርቱ ምእት» ይነበባል። በዚህ አጻጻፍ የእርስዎ 20 ኪሎቮልት ፪፼ ቮልት ነው፤ ሁለት እልፍ። 400 ኪሎቮልቱ ደግሞ ፵፼፣ አርባ እልፍ። ያምራል፤ ለሥራ ግን አይሆንም፤ የሜትሪክ ሥርዓቱ ደረጃ ሺህ ላይ ሲረግጥ የእኛው እልፍ ላይ ይረግጣል። «ኪሎ» ወደ አማርኛ ሲገባ ተርጓሚ ያልፈለገው አንድም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሺህን አቅፎ የሚመጣ አንድ ቁራጭ ቃል ሆነልን።

ሌላ አባል፦

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ላክልበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገበ የኤሌክትሪክ ዓሣ አለ፤ 860 ቮልት ሲረጭ ተለክቷል። ዝርያው የተሰየመው በአሌሳንድሮ ቮልታ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ባሳወቀው ሰው። ቮልትም ስሙን ያገኘው ከእሱው ነው። ጀማሪዎቹን 860 ቮልትን ወደ ሚሊቮልት ዘርዝሩ፣ ወደ ኪሎቮልት ደግሞ አጠቃልሉ በሏቸው። 860,000 እና 0.86 ካመጡ ሁለቱንም አቅጣጫ ይዘውታል።

ሌላ አባል፦

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አንድ ነገር አደራ። አሕጽሮቱን ተጠንቀቁ። በላቲን ፊደል ሚሊ በትንሿ ኤም፣ ሜጋ በትልቋ ኤም ይለያያሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሚ.ቮ.» እና «ሜ.ቮ.» ብለን ስናሳጥር ልዩነቱ የሣልስና የኃምስ ነው፤ አንዷ እግሯ ላይ ሰረዝ፣ አንዷ ቀለበት። ፎቶኮፒ ደብዘዝ ካለ አይለዩም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ደግሞ ቢሊዮን እጥፍ ነው። ማይክሮን «ሚክሮ» ብሎ የሚጽፍም ስላለ «ሚ.ቮ.» ሦስተኛ ትርጉም ይጨመርበታል። «ኪ.ቮ.» ብቻ ነው ከዚህ ጣጣ ነፃ።

በእኔ በኩል ሙሉ ቃሉ ይጻፍ፤ ሚሊቮልት፣ ማይክሮቮልት፣ ሜጋቮልት፣ ሳይነጣጠል በአንድ ቃል። ቦታ ጠቦ የግድ ማሳጠር ካስፈለገ ከሰንጠረዡ በላይ መፍቻው ይቀመጥ።

ጠያቂው፦

ተቀብያለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «20 ኪሎቮልትን በቮልት ዘርዝረህ ጻፍ» ሆኗል። የትራንስፎርመሩን «ከፍ ያደርገዋል» ብዬዋለሁ። «ቀየረ» ከሁለቱም ወጥቷል።