ልጄ አርሚ (የአሜሪካ ጦር) ልግባ ይላል፤ ልፈርም ወይስ ልከልክል?

የስፕሪንግፊልድ እናት፦ እህት ወንድሞች፣ ምከሩኝ። ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ሪክሩተር (ለጦሩ ወጣት የሚመለምል ሰው) ትምህርት ቤት መጥቶ አነጋግሮት "አርሚ እገባለሁ፣ ኮሌጁን እነሱ ይከፍሉልኛል" ይላል። 18 ስላልሞላው የእኛ ፊርማ ያስፈልጋል። አባቱ "ይግባ፣ ሰው ይሆናል" ባይ ነው። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የቀድሞ ሳጅን፦ እህቴ፣ ገንዘቡ ውሸት አይደለም። እኔ ተምሬበታለሁ። ጂ አይ ቢል ይባላል። ሦስት ዓመት በሙሉ ጊዜ አገልግሎ በክብር ለተሰናበተ ሰው የስቴት ዩኒቨርሲቲ ክፍያን ለ36 ወር ይሸፍናል። የቤት ኪራይም አለው። ለመጽሐፍ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ይሰጣል። ያለ ሎን ተመረቅሁ። ጓደኞቼ ዛሬም እየከፈሉ ነው።

የኖቫ ምሩቅ፦ ሎን ፈርቶ ጠመንጃ? ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) እዚሁ አፍንጫችን ስር እያለ? ሁለት ዓመት እዚያ ተምሬ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ። ማታ ማታ ሥራ ነበረኝ። ድካሙን አልክድም፤ ግን ማንም ወደ ጦር ሜዳ ሊልከኝ አይችልም ነበር።

ጋሽ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እናትየዋን አትፍረዱባት። ለእኛ ትውልድ ውትድርና ማለት አፈሳ ነው። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሁሉ ውስጥ ገባ። እናቴ ወንድሜን ቆጥ ላይ ደብቃዋለች። ያንን ያየ ሰው "ኮሌጅ ይከፍላሉ" ሲሉት ጆሮው አይቀበልም። ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ሐረር ጦር አካዳሚ መግባት የሰፈር ኩራት ነበር። ሕንዶች ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ማን ጠራህ፣ ለምን ጠራህ ነው።

የቀድሞ ሳጅን፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። አሜሪካ ግን ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግዳጅ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሪክሩተር በአፉ ያለው ኮንትራቱ ላይ ካልሰፈረ የለም ማለት ነው። "ሦስት ዓመት" ብሎ የፈረመ ልጅ ግዴታው በወረቀት ስምንት ዓመት ነው። የቀረውን ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል፤ ሊጠሩት ይችላሉ። ሥራውን ደግሞ አስቫብ የሚሉት ፈተና ይወስነዋል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ምርጫው ይጠባል። እግረኛ ሆኖ ከወጣ ሲቪል ዓለም ምን ይሰጠዋል? ኔትወርክ ተምሮ ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) ይዞ ከወጣ ግን እዚህ ቨርጂኒያ ኮንትራክተሮች ይሻሙበታል። ልጁ ሲቲዝን ነው? በግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ክሊራንስ የሚጠይቀው ሥራ ዝግ ነው።

ነርሷ፦ እኔ ናሽናል ጋርድ (የትርፍ ሰዓት ጦር) ነኝ፤ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ። "ያው ጂ አይ ቢል ነው" ብለውኝ ገባሁ። ያው አይደለም። ለትርፍ ሰዓት ወታደር የሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው፤ እሱም የስድስት ዓመት ውል ይጠይቃል። መግባቴ ባይከፋኝም፣ ቀድሞ ማን ነገረኝ?

የኖቫ ምሩቅ፦ ሳጅን፣ ጉልበትህስ? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ስትል ነበር።

የቀድሞ ሳጅን፦ ጉልበቴ ሄዷል። አልዋሽም። ልጄ ልግባ ቢለኝ ሥራውን ተጽፎ ሳላይ አልፈርምም።

የስፕሪንግፊልድ እናት፦ አሁን ጠየቅሁት። "ምን ሥራ ብለው ጻፉልህ?" አልኩት። "ኮምፒውተር ነው ብሎኛል" አለ። "ተጽፎ አየህ?" ስለው ዝም። ፈተናውንም ገና አልወሰደም። አባቱ ቴሌቪዥኑን ቀነሰው። እስክሪብቶውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሻለሁ።